ከሐጃ ፋጥና ምድጃ ጀርባ

በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ቁመት ይጨምራል። በሕይወት ሳለ ሰላምታውን ሽሽት መንገድ እንቀይርበት የነበረ ጎረቤት፣ በተቀበረ ማግስት «እንደ እሱ ያለ ሰው ዳግም አይፈጠርም» ይባልለታል። ልማዱን ስለማልወደው ከወዲሁ ልናገር፤ ጋሽ ደምሴ አጭር ነበር። ከነጫማው ትከሻዬ ላይ አይደርስም። ቶሎ ይቆጣል። ዳማ ሲሸነፍ ጠጠሩን በእጁ ጠርጎ ይበትንና «ላሸንፍህ ስል እኮ ነው የመሸው» ይላል፣ ገና በቀትር። ዕድሜውን ሁሉ ስለ ልክ ሲከራከር የኖረን ሰው ከልኩ በላይ ማስረዘም ነውር ስለሚሆን፣ አጭር ሆኖ ይታወስ።

መሞቱን የነገረችኝ ኢልሃም ናት። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ካርቱም ተመልሼ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ሳይቀር ከግድግዳው ተመዝዞ የተወሰደበትን አርካዊት ሰፈር ያለ ቤቴን ስጠርግ ስልኬ ጮኸ።

«ኡስታዝ፣ ጋሽ ደምሴ ኸላስ። ሞተ» አለችኝ።

መርዶ እንዲህ አይነገርም። ወግ የሚያውቅ ሰው ቢሆን ሦስት ሽማግሌ አስከትሎ በማለዳ ይመጣል፤ ስለ ጤናዬ ይጠይቃል፤ «ትንሽ አሞት ነበር» ብሎ ይጀምራል፤ እኔም ገብቶኝ ሳለ እንዳልገባኝ ሆኜ እጠብቃለሁ። ኢልሃም ግን ካርቱም ተወልዳ ያደገች ናት። እናቷ የጎጃም ሰው፣ አባቷ ሱዳናዊ። ከእናቷ የአማርኛውን ግማሽ፣ ከአባቷ ቁመቱን ሙሉ ወርሳለች። መርዶ ማለዘብን ከሁለቱም አልወረሰችም።

«መቼ?» አልኳት።

«ማክሰኞ። ገዳሪፍ። ኩላሊት። እዚያው ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው።» ትንፋሽ ሳትወስድ ቀጠለች፤ «ሣጥኑ እኔ ጋ ነው። ቅዳሜ ማዮ እንሄዳለን፤ አንተም ና።»

ስለ ሣጥኑ ልናገር። ጋሽ ደምሴ ከጎንደር በመተማ አድርጎ በጉልምስናው ካርቱም የገባ፣ መጀመሪያ በያጅ፣ ኋላም ባህሪ በሚባለው ሰሜን ካርቱም ባለ የዘይትና የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ የቧንቧ ሠራተኛ የሆነ ሰው ነበር። ፋብሪካው አንድ ቀን አዲስ መለኪያ ገዛ። የድሮው ዓይነት ቢሆን ቧንቧ ተቆርጦ መሀል ይገባል፤ ያ ማለት ሥራ ቆሞ፣ ዘይት ፈስሶ፣ አለቃ ጮኾ ማለት ነው። ይኸኛው ግን ከውጭ ይታሰራል። የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ ሁለት መዳሰሻዎች አሉት፤ በቧንቧው ቆዳ ላይ ቅባት ተቀብቶ ይለጠፋሉ፤ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ውስጡ የሚሄደውን ፈሳሽ ይለካሉ። እርጉዝ ሴት የምትታይበት አልትራሳውንድ የቅርብ ዘመዱ ነው። መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለነበርና ከብዙዎቹ የእንጀራ ሥራዎቼ አንዱ ትርጉም ስለሆነ፣ ለጋሽ ደምሴ በአማርኛ፣ ለአለቃው በዐረብኛ እንድመልሰው ጠሩኝ።

የፋብሪካው አለቃ ትርጉሜን አንብቦ አላመነም። «ቧንቧው ሳይቆረጥ? ሲሕር ነው እንዴ፣ አስማት?» አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም የተረጎምኩት ሳይገባኝ ነበር፤ በሙያዬ ይህ ብርቅ አይደለም። ያስረዳኝ፣ ከእኔው ትርጉም አንብቦ፣ ጋሽ ደምሴ ነው።

«ከቱቲ ደሴት ወደ ማዶ በጀልባ ተሻግረህ ታውቃለህ?»

«አዎ።»

«ከወንዙ ጋር ስትሄድና ወንዙን ተቃውመህ ስትመለስ እኩል ትቆያለህ?»

«ስመለስ እቆያለሁ።»

«በቃ። ይኸኛው መዳሰሻ ድምፁን ከውሃው ጋር ይልካል፤ ያኛው ተቃውሞ ይመልሳል። በመሄድና በመመለሱ መሀል ያለችው ትርፍ ጊዜ የወንዙን ፍጥነት ትነግርሃለች። ሲሕር የት አለ?»

ብዙ የተማሩ ሰዎች አውቃለሁ። ከእነሱ መሀል አንድን ነገር ለሌላ ሰው በጀልባ ማሻገር የሚችል ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመለኪያው አልተለየም። ከአሮጌ ብርድ ልብስ ውስጡን ገበር አድርጎ ሣጥን ሠራለት። ከፋብሪካው ፈቃድ እያስወጣ ሌላም ቦታ ይዞት ይሄድ ነበር፤ ሐፍላ ውስጥ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ አውቶቡሱ ጉድጓድ በገባ ቁጥር እንደ ሕፃን ወደ ደረቱ ያነሣዋል። ቧንቧ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ መዳፉን ያሳርፍበታል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል። ከዚያ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፣ በሻሹ ይወለውላል፣ ቫዝሊን ይቀባል። ከመዳሰሻው ጋር የመጣው ቅባት የካርቱምን ፀሐይ አይቶ በሁለተኛው ቀን ድርቆሽ ሆኖ ነበር። አንድን ቁጥር ሦስት ጊዜ ሳያገኝ አይጽፍም። ውስጡ ሙሉ ያልሆነ ቧንቧ መለኪያውን ስለሚያሳስተው «ቧንቧው ሳይሞላ አፍህን ሞልተህ አትናገር» ይላል። ይህን ለእኔ ጽሑፎችም ይጠቅሰው ነበር፤ ሳልጠይቀው።

አንድ ጊዜ ከባህሪ ስንሻገር ድልድዩ አፍ ላይ ወታደር አስቆመን። ሣጥኑን ከፈተው። ሽቦ፣ ሁለት ጥቁር ነገር፣ የሚያበራ ማያ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ወታደሩ፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሽቶ።

«የውሃ ሐኪም ማዳመጫ» አለ ጋሽ ደምሴ በዐረብኛ።

«ለሰውስ ይሠራል?» ወታደሩ ደፈር ብሎ ክንዱን ዘረጋ። «ደሜን ለካልኝ እስቲ።»

ጋሽ ደምሴ መዳፉን እንደ ልማዱ ክንዱ ላይ አሳረፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «አይሆንም፣ ልጄ። ያንተ ቧንቧ ቀጭን ነው። ብላ፣ ወፍር፣ ስመለስ እለካሃለሁ።» ሐፍላው ሙሉ ሳቀ፤ ወታደሩም ሳቀ፤ አለፍን። እኔ ከኋላ ወንበር ላብ አጥምቆኛል። በመጽሐፍ ስለ ድፍረት ብዙ አንብቤ ነበር።

እሱን የማልረሳው ግን በዚህ አይደለም። በማዮ ነው።

ማዮ በደቡብ ካርቱም ያለ፣ ከየአቅጣጫው የተፈናቀለ ሰው የሞላበት ድሃ ሰፈር ነው። ነዋሪው ተባብሮ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ ፓምፕ አስተክሎ፣ ከፓምፑ ቤት ሰፈሩ ማዶ እስካለው ከፍ ያለ ታንከር ድረስ ቧንቧ ዘርግቶ ነበር። ፓምፑን የምታንቀሳቅሰው ኢልሃም ናት፤ ሥራውን ከሟቹ አባቷ ነው የተማረችው። በአንድ ወቅት ታንከሩ መሙላት አቆመ። ሴቶች ጀሪካን ይዘው እየተሰለፉ ባዶ መመለስ ጀመሩ። የሰፈሩ ኮሚቴ፣ ለጅናው፣ መከረና ደመደመ፤ ኢልሃም ከፓምፑ ቤት ውስጥ ባለችው ቧንቧ ለውሃ ሻጭ የአህያ ጋሪዎች ትቀዳለች። ሐበሾቹ «አረቧ» ይሏታል፣ አረቦቹ «ሐበሻዋ»። ስትከሰስ ሁለቱም ወገን የሌላው መሆኗ ትዝ አለው።

እናቷ ጋሽ ደምሴን በቤተ ክርስቲያን ታውቀው ነበርና ለመነችው። ለጅናውም ይለካልን አለ። ጉዳዩ ቀላል ነበር፤ ከፓምፑ ቤት በሚወጣው ቧንቧ ላይ ሲለካ ውሃው ሙሉ ከሆነ ውስጥ የተቀዳ የለም፣ ልጅቱ ንጹሕ ናት። ከጎደለ ሌባ ናት።

ስንደርስ ኢልሃም በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። «ጋሽ፣ ኮሚቴዎቹ ሥራዬን ይውሰዱት፣ ማዐሌሽ፣ ግድ የለም» አለች። «ግን ሌባ ካሉኝ እናቴ እዚህ ሰፈር መኖር አትችልም። የት ትሄዳለች?»

አሁን ቦታውን ላሳያችሁ። ቧንቧው ከፓምፑ ቤት ግድግዳ ይወጣል፤ ወዲያው ይታጠፋል፤ አንድ ቫልቭ ያልፋል፤ ከዚያ ግድግዳውን ታኮ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቀጥ ያለው ቦታ ጥላ አለው። ጥላ ባለበት ደግሞ ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች፤ የካርቱም ሕግ ነው። ሐጃ ፋጥና ከኑባ ተራሮች የመጣች ሸምገል ያለች ሴት ናት። የከሰል ምድጃዋን ቧንቧው ሥር ተክላ፣ ብርጭቆዎቿን ቧንቧው ላይ ደርድራ ትሠራ ነበር።

ጋሽ ደምሴን ስታይ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ሰው አስነሥታ አስቀመጠችው። ዝንጅብል ያለው ሻይ ሰጠችው። ስለ ልጆቹ፣ ስለ አገሩ፣ ስለ ጉልበቱ ጠየቀችው። እሱም ጠጣ፣ መረቀ፣ ተነሣ። ወደ ቀጥተኛው ቧንቧ ተመለከተ፤ ወደ ምድጃው፣ ወደ ብርጭቆዎቹ፣ ወደ እሷ። ከዚያ ሣጥኑን ይዞ ወደ ቫልቩ ሄደ፤ ከቫልቩ አንድ ክንድ እንኳ በማይርቅ ቦታ መዳሰሻዎቹን አሰረ።

እኔ መመሪያውን ይዤ ቆሜያለሁ። ገጹን የተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ ቃል በቃል አውቀዋለሁ። «ውሃ ከመታጠፊያና ከቫልቭ ሲወጣ ይናወጣል፤ የቧንቧውን ስፋት ቢያንስ አሥር እጥፍ ያህል ቀጥ ብሎ ከሄደ በኋላ ይረጋል፤ ከዚያ በፊት አትለኩ።» አሥር እጥፉ በትክክል የሚያርፈው ከሐጃ ፋጥና ምድጃ ጀርባ ነው። አየሁ። ዝም አልኩ። በሙያው የሸበተን ሰው በሰው ፊት ማረም ከበደኝ። እሱ እሷን አፈረ፣ እኔ እሱን አፈርኩ። ደግሞ በዚያው ሰሞን፣ ያልሠለጠንነው በይሉኝታ ነው የሚሉ ሰዎችን ለማብሸቅ፣ ይሉኝታን የሚያወድስ ረዥም ጽሑፍ ለኮሚዩኒቲያችን መጽሔት ሰጥቼ ነበር።

ሦስት ጊዜ ለካ። ሦስቴም ከሚገባው ሩብ ያህል ጎድሎ ተገኘ። ኢልሃም ማያውን አየች። ወደ ፓምፑ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

በማግስቱ ከዐስር ሶላት በኋላ ለጅናው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው፣ ጥምጣሙ እንደ ንግግሩ የረዘመ ሰው፣ ወረቀቱን ዘረጋ። ከታች የጋሽ ደምሴ ስም ተጽፏል፤ የቀረው ፊርማ ነው። ኢልሃምና እናቷ ከዳር ቆመዋል። ሐጃ ፋጥና ሻይ ታዞራለች።

ጋሽ ደምሴ ብዕሩን አነሣ። ዓይኑ ቀልቷል፤ እንዳልተኛ ያስታውቃል። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠና ወደ እኔ ዞረ።

«ያቺን ገጽ አንብብላቸው» አለኝ በአማርኛ።

«የቷን?»

«ታውቃታለህ። ትናንትም ታውቃት ነበር።»

አነበብኩ። በዐረብኛ። አሥር እጥፉ ጋ ስደርስ ሰብሳቢው አቋረጠኝ።

«ምን ማለት ነው ይህ?»

«የተሳሳተ ቦታ ለካሁ ማለት ነው» አለ ጋሽ ደምሴ። «አልፈርምም።»

«ሦስት ጊዜ ለክተህ ሦስቴም አንድ ዓይነት ነው ያገኘኸው!»

«ሦስት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ተሳሳትኩ።»

ከሰዎቹ አንዱ አጉረመረመ፤ «ሐበሻ ለሐበሻ…»

«የኔ ወገን ከሆነች ትናንት ለምን ጎዳኋት?» ጋሽ ደምሴ ቆመ፤ ሲቆም ብዙ ለውጥ የለውም። «ቀጥ ያለው ቦታ ሐጃ ተቀምጣበት ነበር። ሻይ ሰጠችኝ። ተነሺ ማለት አቃተኝ። የለካሁት ውሃውን አይደለም፤ ይሉኝታዬን ነው።»

ይሉኝታን በአማርኛው ነው ያለው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ሰው ምን ይለኛል ብሎ መፍራት» ብዬ ተረጎምኩ። ሰብሳቢው ጥምጣሙን ነካ ነካ አደረገና «እርሱማ እኛም ጋ ሞልቷል» አለ።

ሐጃ ፋጥና ትሪውን መሬት አስቀመጠች። «አንተ ሰውዬ! በእኔ ሻይ ምክንያት ነው ይቺ ልጅ ሌባ ልትባል የነበረው?»

«ምን ብዬ ላስነሣሽ፣ ሐጃ?»

«በአፍህ ነዋ! ቁሚ ብለህ! አላህ አፍ የሰጠህ ለሻይ ብቻ ነው?»

ለጅናው፣ ተከሳሿ፣ እናቷ፣ ያልተጠራውም ሰው ሁሉ ተነሥቶ ወደ ቧንቧው ሄደ። ሐጃ ፋጥና ምድጃዋን ራሷ አነሣች። ጋሽ ደምሴ አሥሩን እጥፍ በገመድ ለካ፣ ፋቀ፣ ወለወለ፣ ቀባ፣ አሰረ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ውሃው ሙሉ ነበር። ከፓምፑ ቤት የጎደለ ጠብታ የለም።

ከዚያ ታንከሩ ጋ ለካ፤ እዚያ ጎደለ። እንግዲህ ውሃው የሚጠፋው መንገድ ላይ ነው። ቧንቧው የተቀበረበትን ተከትለን ስንሄድ አንድ ደጃፍ ላይ ቆምን። በዚያ በደረቀ ሰፈር ውስጥ አንድ የኒም ዛፍ እንደ ሎሚ ቅጠል ለምልሞ ቆሟል። የሰብሳቢው ደጃፍ ነው። ዛፉን እንግዳ በመጣ ቁጥር «ባረካ ነው፣ የአላህ በረከት» እያለ ያሳይ ነበር። ተቆፈረ፤ የቧንቧው መጋጠሚያ ላልቶ ሥሩን ሲያጠጣ ተገኘ። ሰብሳቢው ሌባ አልነበረም፤ ይህን ለመጻፍ የምገደድ መሆኔ ትንሽ ያሳዝነኛል። ያን ቀን ግን ኢልሃምን በሕዝብ ፊት ይቅርታ ጠየቃት፤ አጭር ንግግር ሲያደርግ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ኢልሃም ጋሽ ደምሴን አላመሰገነችውም። ሣጥኑን ሲዘጋ አጠገቡ ቆመች።

«ጋሽ፣ ይህን ነገር አስተምረኝ» አለችው። «ሁለተኛ ሰው መጥቶ ስለ እኔ እንዲለካ አልፈልግም።»

«ሰኞ ነይ» አላት። «ብርጭቆ ወረቀት ይዘሽ።»

ከመሄዱ በፊት ነጭ ቀለም አስመጥቶ ትክክለኛው ቦታ ላይ ሁለት መስመር አሰመረ፤ በመሀሉ በአማርኛ «እዚህ» ብሎ ጻፈ። ሐጃ ፋጥና ምን እንደሚል ጠየቀችው። «ተነሺ ይላል» አላት።

እኔም መጽሔቱ ጋ ሄጄ ጽሑፌን ልመልስ አልኩ። ታትሟል አሉኝ። ጋሽ ደምሴ አንብቦት ኖሮ «ጥሩ ነው፣ ግን ከቫልቩ አጠገብ ለክተኸዋል» አለኝ። ይሉኝታን ዛሬም እንደ ጠላት አላየውም። ሰውየው ያን ቀን ሴትዮዋን በግልምጫ አስነሥቶ ቢሆን ኖሮ አልወደውም ነበር። የወደድኩት አፍሮ ስለተሳሳተ፣ ኋላም ከማፈሩ የሚበልጥ ነገር ስላገኘ ነው።

ጦርነቱ ሲመጣ ሁላችንም የምንይዘውን ይዘን ሸሸን። እኔ መጻሕፍት በመምረጥ ስጓተት ጫማ ረሳሁ። ፋብሪካው ተዘርፎ ከመጋዘኑ የቀረ ነገር አልነበረም፤ መለኪያው ግን በዚያ ሳምንት ጋሽ ደምሴ ቤት ነበር። ልብሱን ትቶ ሣጥኑን ይዞ በጭነት መኪና ገዳሪፍ ገባ። ኢልሃምና እናቷም እዚያው ተጠልለው ነበር። እሱና ኢልሃም የተፈናቃዮች መጠለያ ቧንቧዎችን እየዞሩ ይለኩ ነበር አሉኝ። መጀመሪያ እሱ እያሰረ እሷ ትጽፋለች፤ ኩላሊቱ ሲያስቸግረው እሷ እያሰረች እሱ ተቀምጦ ይቆጣል።

ቅዳሜ ማዮ ሄድኩ። ግማሹ ቤት በር የለውም፤ ግማሹ ግን መጋረጃ ሰቅሏል፣ ያ ማለት ሰው አለ። ፓምፑ በፀሐይ ኃይል እንዲሠራ ተደርጎ ተተክሏል፤ ያን ቀን ሊሞከር ነው። ቧንቧው ከነበረበት ነው፤ ሁለት ቦታ በጥይት ተመትቶ ተበይዷል። ይዞ ይሆን? ኢልሃም ሳትለካ ውሃ መጣ ብላ ለሰፈሩ እንደማትናገር ከወዲሁ አስታውቃለች። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ደርድረው ይጠብቃሉ።

ቀጥ ያለው ቧንቧ ጥላ ሥር ሐጃ ፋጥና አለች። ከጦርነት፣ ከስደት፣ ከስንት ነገር በኋላ ተመልሳ ምድጃዋን እዚያችው ቦታ ተክላለች። ነጩ መስመር ደብዝዟል፤ ፊደሉ ግን ይነበባል። ኢልሃም ሣጥኑን ታቅፋ ከማዕዘኑ ብቅ ስትል፣ ገና አፏን ሳትከፍት፣ ሐጃ ፋጥና ፍሟን ከነምድጃው በሁለት እጇ አንሥታ ቆመች።

«ተነሥቻለሁ! ቆመሽ እንዳታፍሪብኝ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ከኋላችን ተመለከተች። «አጭሩስ? አጭሩ ሰውዬ የት አለ?»

ኢልሃም ወደ እኔ አየች፤ ሰው በበዛበት መናገሩ የእኔ ድርሻ ነው ብላ መሰለኝ። «ትንሽ አሞት ነበር» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት።

«ሞቷል፣ ሐጃ።»

ምድጃውን እንደያዘች ቆመች። የሚባለውን አለች፤ ሁላችንም የአላህ ነን፣ ወደ እርሱም ተመላሾች ነን። ኢልሃም መዳፏን ቧንቧው ላይ አሳርፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ፋቀች፣ ወለወለች፣ ቀባች፣ አሰረች። ፓምፑ ተነሣ። አንድ አለች። ሴቶቹ እልል ሊሉ ሲዘጋጁ እጇን አንሥታ ከለከለቻቸው። ሁለት። ሦስት። ሙሉ ነው። ታንከሩ ጋ የቆመው ሰውም ከማዶ ውሃው ደረሰ ብሎ ሲጮህ እልልታው በር የሌለውን ሰፈር ሁሉ ሞላው።

ሐጃ ፋጥና እልል አላለችም። ፍሙ ፊቷን እያሞቀው ወደ ነጩ መስመር እያየች፣ ምድጃውን ይዛ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ከዚያም ሌላ እርምጃ ሄደች።

«ይበቃል ወይስ ልጨምር?» አለች።

«ይበቃል፣ ሐጃ» አለች ኢልሃም። «ተቀመጪ።»